የወታደርና የቤተሰብ አባት የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፦ ለቀብር፣ ለአርባና ለልጅ ልጅ

በከተማችን ልማድ ሰው ሌሊት ካረፈ ብዙውን ጊዜ የሚቀበረው በማግስቱ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ለእድሩ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሩቅ ላሉ ዘመዶች ይደወላል፣ ለፍትሐቱ የክርስትና ስም ይጠየቃል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ከቤተሰቡ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ መምህር የሆነው ወይም ቢሮ የሚሠራው፣ ወደ ጓዳ ተጠርቶ «የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ» ይባላል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለዚያ ሰው ነው፤ በተለይም ሟቹ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ያሳለፉ ባልና አባት ሲሆኑ።

የወታደር የሕይወት ታሪክ ከሌላው የሚከብድበት ምክንያት አለው። ነጋዴ ወይም አናጢ ሲሞት ሥራውን ሲሠራ ያየ ሰው ከሰፈሩ አይጠፋም። ወታደር ግን የዕድሜውን እኩሌታ ያሳለፈው ቤተሰቡ ባልረገጠው ምድር ነው፤ አብረውት የነበሩትም ወይ ሞተዋል፣ ወይ ተበትነዋል፣ ወይ አድራሻቸው አይታወቅም። ጸሐፊው ባዶውን ቦታ በቅጽል ይሞላዋል፤ «ጀግና፣ ቆራጥ፣ አገር ወዳድ» ይላል። ከዚያም ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው «ባለትዳርና የ6 ልጆች አባት ነበሩ» ብሎ ይዘጋል። በተገኘሁባቸው ብዙ ቀብሮች የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ ስሙ ብቻ ቢቀየር ለሌላ ሟች ሊነበብ ይችል ነበር። በእኔ አስተያየት ጦር ሜዳውና ቤቱ በአንድ ዘመን ጎን ለጎን የኖሩ ሕይወቶች ስለሆኑ በጽሑፍም ሊለያዩ አይገባም፤ ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር ሁለቱን አንድ ላይ ለማምጣት የሚረዳ ነው።

በመጀመሪያ ባለቤታቸው ይጠየቁ

ብዙ ጸሐፊ ወደ ሰነድ ይሮጣል። ሰነዱ ግን ከሣጥኑ የትም አይሄድም፤ መጀመር የሚሻለው ከባለቤታቸው ነው። በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛዋን ብቻቸውን ማግኘት ስለማይቻል፣ እህታቸው ወይም የቅርብ ጎረቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ከሰው ጫጫታ ራቅ ብሎ የሚገኝ ሩብ ሰዓት ይበቃል። «ስለ እሳቸው ንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ዕንባ እንጂ መልስ አያመጣም። ይልቁንስ ጠባብና ተጨባጭ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሲጋቡ እሳቸው የት ተመድበው ነበር? መጀመሪያ የዘመቱ ዕለት ቤት ውስጥ ማን ማን ነበር? ምን ስንቅ ተቋጠረላቸው? በሌሉበት ደመወዛቸውን ማን ይቀበል ነበር? ደብዳቤያቸውን ማን ያነብ ነበር? ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት ነገር ምንድን ነው?

እናቶች ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አያስታውሱም፤ ነገር ግን ከዓመተ ምሕረት የማይተናነስ መቁጠሪያ አላቸው። «ትልቋ ስትድህ ሄደ»፣ «ሁለተኛው ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ቆስሎ መጣ»፣ «ከአሥመራ በወጣን ዓመት» ይላሉ። ጸሐፊው እነዚህን ቃላት እንዳሉ ይመዝግባቸው፤ በኋላ የልጆቹን የልደት ዓመት፣ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ወረቀታቸውን አጠገቡ ሲያስቀምጥ የዘመቻው ዓመት ራሱ ይወጣል። የአንድ ሻምበል የዝውውር ታሪክ ልጆቹ በተወለዱባቸው ከተሞች ዝርዝር ሊነበብ ይችላል፤ አንዱ ሐረር፣ አንዷ ጎዴ፣ ሌላው ነገሌ፣ የመጨረሻዋ አሥመራ የተወለዱበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ባለቤታቸው በጽሑፉ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው «ታማኝ የትዳር አጋራቸው» በሚል ሐረግ አይደለም። ባል ግንባር ምሽግ ውስጥ በነበሩባቸው ዓመታት ቤት ኪራይ የከፈለ፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ያደረሰ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሌሎች የቀበሌ ሴቶች ጋር ለዘማች በሶና ዳቦ ቆሎ ያዘጋጀ፣ መርዶ ነጋሪ ይሆን እያለ በር ሲንኳኳ የደነገጠ ሰው አለ። የዚህ ሰው ሥራ በግሥ ይጻፍ፤ ሸጡ፣ አስተማሩ፣ ጠበቁ፣ ጻፉ። የሟቹ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ከማን ተለይተው እንደ ዘመቱና ወደ ማን እንደ ተመለሱ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ሻንጣው

በአብዛኛው የወታደር ቤት ከቁም ሣጥን አናት ወይም ከአልጋ ሥር አንድ ሻንጣ አይጠፋም። በውስጡ የቅጥር ወይም የምረቃ ምስክር ወረቀት፣ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የጡረታ ደብተር፣ ሜዳሊያና ጀርባቸው ላይ የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ይገኛሉ። አንዳች ነገር ከቦታው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁሉም በተገኘበት ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ በለቅሶ ሰሞን «ላሳያቸው» ተብሎ የወጣ ፎቶ ተመልሶ ሲገባ አላየሁም። የፎቶግራፉ ጀርባ ከፊቱ እኩል ይነሣ፤ ቀንና ቦታ የሚገኘው ከዚያ ነው።

በሰነዱና በቤተሰቡ ቃል መካከል ልዩነት ቢገኝ አይደንግጡ። ለመቀጠር ሲሉ ዕድሜያቸውን የጨመሩ ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ በዚህም ምክንያት የመታወቂያው የልደት ዓመት እናት ከሚያውቁት ሁለት ሦስት ዓመት ይቀድማል። ያልተረጋገጠውን «በ1938 ዓ.ም. ገደማ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። ቀንና ወር ፈጥሮ ማስገባት ግን ወረቀቱ ወደ ሐውልት ጽሑፍ፣ ከሐውልቱም ወደ ልጅ ልጆች ሰነድ እየተገለበጠ ስለሚሄድ ስሕተቱን ዘላለማዊ ያደርገዋል።

ማዕረግ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በድሮ ሰነዶች አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃና መቶ አለቃ «፲ አለቃ»፣ «፶ አለቃ»፣ «፻ አለቃ» ተብለው በግእዝ ቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ፤ ቁጥሩን የማያውቅ ወጣት አንባቢ መቃብር ዳር ቆሞ ሲደናቀፍ ማየት ያሳዝናል። «አ/አ» የሚለው ምኅጻርም በአንዱ ወረቀት አሥር አለቃ፣ በሌላው አዲስ አበባ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ሻለቃና ሻምበል የሚሉት ቃላት የሰውም የጦር ክፍልም ስም መሆናቸው ነው፤ «በ3ኛ ሻለቃ አገልግለዋል» የተባለው «ሻለቃ ነበሩ» ሆኖ ሲነበብ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት የጦር ጓዶቻቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሻምበል ባሻና ሻለቃ ባሻ የባለ ሌላ ማዕረግተኞች (ከመኮንን በታች ያሉት)፣ ሻምበልና ሻለቃ የመኮንኖች ማዕረግ መሆናቸውም አይዘንጋ። ማዕረግን ከፍ አድርጎ መጻፍ ሟቹን የሚያከብር ይመስላል፤ ሃምሳ አለቃነታቸውን በ15 ዓመት አገልግሎት ያገኙ ሰው ግን የራሳቸው ማዕረግ ይበቃቸዋል።

ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት

የዚህ መመሪያ ዋና መሣሪያ ይህ ነው። አንድ ሰፊ ወረቀት ወስደው መሐሉን በመስመር ይክፈሉ። በግራው ዓምድ እሳቸው በየዓመቱ የት እንደ ነበሩ፣ በቀኙ በዚያው ዓመት ቤት ውስጥ ምን እንደ ሆነ ይጻፉ፤ ጋብቻ፣ ልደት፣ የቤት ለውጥ፣ ሕመም፣ የእናት ወይም የአባት ሞት፣ የልጅ ምረቃ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ቦታ ባዶ ይሆናል። ባዶው ራሱ ቀጥሎ ማን መጠየቅ እንዳለበት ያመለክታል።

በግራው ዓምድ የሚገባውን ለማረም የአገሩን የታወቁ ዓመታት አጠገብ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሟቹ በኮሪያ የዘመቱ ከሆነ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የሄደው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተከታዮቹ ሻለቆች በየተራ እየተኩት ቆይተው ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ «ኮሪያ ዘምተዋል» ከማለት በፊት ከስንተኛው ቃኘው ጋር እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ጦርነቱ ከቆመ በኋላ ለጥበቃ የሄዱም አሉና። ኮንጎ ከሆነ ዘመኑ ከ1952 እስከ 1956 ዓ.ም. ነው። የክቡር ዘበኛ አባል ለነበረ ሰው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የት ነበሩ የሚለው ጥያቄ አይታለፍም፤ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራውን የመሩት የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ስለ ነበሩ የብዙ ወታደር ሕይወት በዚያች ሳምንት አቅጣጫዋን ቀይራለች። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ተፋፍሞ ካራማራ የተያዘውና ጅጅጋ ነጻ የወጣችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በሰሜን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974፣ የአፍአበት ውጊያ በመጋቢት 1980፣ የምፅዋ ውጊያ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነበሩ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ግንቦት 1990 ተጀምሮ በሰኔ 1992 ዓ.ም. ተኩሱ ቆሟል። የሟቹ ታሪክ ከእነዚህ ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ ለምሳሌ ካራማራን በ1972 ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ የተሳሳተው አስታዋሹ ነው፤ ነገሩን ግን ጨርሶ አይሰርዙት፣ ምናልባት ሌላ ውጊያ ሊሆን ይችላልና ይጠይቁ።

ሁለቱ ዓምዶች ሲሞሉ ቅጽል የማያስፈልገው ዓረፍተ ነገር በራሱ ይመጣል። ለአብነት ያህል እኔው ያዘጋጀሁት አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ሃምሳ አለቃ እገሌ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ወደ ምሥራቅ ግንባር ሲዘምቱ ባለቤታቸው የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። ሴት ልጃቸው መወለዷን የሰሙት ሐረር ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ የጦር ጓዳቸው አፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፏት የ14 ወር ሆና ቆማ ስትሄድ ነበር፤ እሷም እንግዳ ሰው መስሏት አለቀሰች። ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር፤ እሷ በተዳረች ዕለት ግን ሳይስቁ አወሩት።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «አፍቃሪ አባት» የሚል ቃል የለም። ጦርነቱም ልጅቷም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገብተዋል።

የጦር ጓዶች

የጦር ጓዶች በአብዛኛው የሚሰበሰቡት በቀብሩ ዕለትና በሠልስቱ ነው። ድንኳን ውስጥ አንድ ጥግ ይዘው፣ አንዳንዴም ካርታ እየተጫወቱ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ያወራሉ፤ የሚያወሩትም ቤተሰቡ ሰምቶት የማያውቀውን ነው። አንድ ደብተር ይዞ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይመደብ፤ ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ ከሟቹ ጋር በየትኛው የጦር ክፍልና ዓመት እንደ ነበሩ ይመዝግብ። ድምፅ መቅዳት ከተፈለገ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የቀድሞ ወታደር ሳያውቅ መቀዳቱን ከደረሰበት ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

«ጀብዱአቸውን ንገሩኝ» ማለት የተለመደውን ዲስኩር ይጠራል። የሚሻለው «ቅጽል ስማቸው ማን ነበር? ውኃ ሲያልቅ ምን ይሉ ነበር? በማን ላይ ተቆጥተው ያውቃሉ? ቆስሎ የተሸከሙት ሰው አለ? እሳቸውንስ ማን ተሸከመ?» የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሟቹ ብቻቸውን ምሽግ ያስለቀቁበት ታሪክ፣ ሲነገር በአንድ ቦታ ካልተቀመጡ ሁለት ሰዎች እስኪሰማ ድረስ ይቆይ። ከሁለት ሰው ካልተሰማ ደግሞ «የጦር ጓዳቸው እንደሚናገሩት» ተብሎ ይገባል፤ ይህች ሐረግ ለተናጋሪውም ለሟቹም ጥበቃ ናት።

የእርስ በርስ ጦርነት ሲሆን የቃላት ምርጫ ከባድ ነው። አንድ ወታደር በሰሜን ለዓመታት የተዋጋው ከሌላ አገር ሠራዊት ጋር ብቻ አልነበረም፤ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ በተቃራኒው ወገን የታገለ አማች ወይም ጎረቤት ሊቀመጥ ይችላል። በየዘመኑ የነበሩትን የስድብ ስሞች ወደ ቀብር ማምጣት ማንንም አይጠቅምም። ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ በቂ ነው፤ «ከ1974 እስከ 1980 ዓ.ም. በናቅፋና በአፍአበት ግንባሮች ተሰልፈዋል» ቢባል የጎደለ ነገር የለም። ስንት ሰው እንደ ገደሉ መቁጠርም አይገባም፤ ራሳቸው ሲቆጥሩት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ምርኮም እንዲሁ ሊደበቅ አይገባም። በሶማሊያ እጅ ወድቀው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ከተደረሰው ስምምነት በኋላ የተመለሱ ወታደሮች አሉ፤ በሰሜንም በሺዎች የሚቆጠሩ ተማርከዋል። ለቤተሰቡ እነዚያ ዓመታት ሞቶ ይሆን ወይስ አለ እየተባለ የተኖሩ ናቸው፤ ተዝካር ወጥቶላቸው የተመለሱም ነበሩ ሲባል ይሰማል። የቀኙ ዓምድ ከሁሉ ይልቅ የሚሞላው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ከግንቦት 1983 በኋላ

የደርግ ዘመን ወታደር ታሪክ ሲጻፍ እጅግ የሚደጋገመው ጉድለት ከ1983 ዓ.ም. በቀጥታ ወደ «ባደረባቸው ሕመም» መዝለል ነው። በመካከሉ 20 እና 30 ዓመት አለ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲፈርስ ብዙዎች በእግራቸው ተመልሰዋል፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሻገሩ ነበሩ፣ በጦላይ፣ በታጠቅና በሌሎች ካምፖች የቆዩ ነበሩ፤ በአሥመራ የነበሩ ቤተሰቦች ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ከዚያም መድፍ አዛዥ የነበረው ሰው የድርጅት ጥበቃ ሆነ፣ የታንክ ሾፌሩ የጭነት መኪና ያዘ፣ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ በመርካቶ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ። ቤተሰቡ ይህን ማንበብ የሚያፍርበት ጊዜ አለ። እኔ ግን የቤተሰብ አባትነታቸው ከሁሉ ይልቅ የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው ብዬ አምናለሁ። በሌሊት ጥበቃ ደመወዝ ሦስት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው ታሪክ ውስጥ ያ ሌሊት መጻፍ አለበት፤ በየትኛው መንገድ ይሄዱ እንደ ነበር፣ ስንት ሰዓት ይመለሱ እንደ ነበር፣ ቁርስ ሳይበሉ የልጆቹን ደብተር ያዩ እንደ ሆነ ጭምር።

የውትድርና ልማድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደ ቆየም እዚህ ላይ ይገባል። አልጋውን ብርድ ልብሱ ሳይጨማደድ ያነጥፉ የነበሩ፣ ጫማቸውን በየማታው የሚወለውሉ፣ ለ12 ሰዓት ቀጠሮ ሩብ ጉዳይ ላይ የሚደርሱ፣ የማታውን ዜና ማንም እንዳይናገርባቸው የሚከለክሉ አባቶችን የማያውቅ ማን አለ? ሌሊት ይባንኑ፣ ርችት ሲተኮስ ይደነግጡ የነበሩም አሉ። ይህን የመጨረሻውን ለማስገባት የባለቤታቸውን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከፈቀዱም በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ያልፋል። መጠጥ፣ ቁጣ ወይም ረጅም ኩርፊያ በቀብር ወረቀት ቦታ የላቸውም፤ ነገር ግን የሌለ ጸባይም አይፈጠር። ዝም የሚሉ ሰው «ተጫዋች» ተብለው ሲነበብ ልጆቻቸው ስለ ሌላ ሰው የሚሰሙ ይመስላቸዋል።

የልጆች ቁጥር

ይህ አጭር ነው፤ ግን በመቃብር ዳር ጠብ ያስነሣል። ወታደር ብዙ ቦታ ተመድቧል፤ በአንዱ ምድብ የተወለደ፣ ቤቱ የማያውቀው ወይም እያወቀ ዝም ያለው ልጅ ሊኖር ይችላል። ጸሐፊው «የስንት ልጆች አባት» የሚለውን ቁጥር ራሱ አይወስን። ታላላቆቹን፣ ባለቤታቸውንና አንድ ሽማግሌ አስቀምጦ ከመነበቡ በፊት ይስማሙበት። አንድ ልጅ አባቱን ሊቀብር ከሩቅ መጥቶ ስሙ ሳይነሣ ሲቀር አይቻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ያን ሁሉ ይከለክል ነበር። በሕይወት የሌሉ ልጆችም ይቆጠሩ እንደ ሆነ እናትየው ይወስኑ።

ንባቡ

የቀብሩ ጽሑፍ ከ500 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፀሐይ ወይም ዝናብ ላይ የቆመ ሕዝብ ከ5 ደቂቃ በላይ አይሰማም። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» የሚለው የተለመደ መግቢያ ይቀመጥ፤ ሰዉ የሚጠብቀው ነው፣ የሩቅ ዘመዶችም ዝምድናቸውን የሚያገኙት በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሁለቱ ዓምዶች የተመረጡ አራት ወይም አምስት ነገሮች ብቻ ይግቡ። ሁሉንም ውጊያ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የተረፈው ለአርባው ይቆያል።

አንባቢው የበኩር ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ የእህት ልጅ ወይም ድምፁ የማይሰበር የጦር ጓድ ይሁን። ወረቀቱ በትልልቅ ፊደል ይታተም፣ ገጹ ቁጥር ይኑረው፣ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሰው ኪስ ይቀመጥ። ከመነበቡ በፊት አንድ የቀድሞ ወታደር ማዕረግና የጦር ክፍል ስሞቹን ይመልከታቸው። ሣጥኑ ሰንደቅ ዓላማ የሚለብስ ከሆነ የየትኛው ዘመን የሚለው ክርክር እንዳይነሣ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነጋገርበት። በሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ ይበልጥ ስለሚፈጥን በመቃብሩ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ማዘጋጀት ላያስፈልግ ይችላል፤ ታሪኩ በሐዘኑ ቀናት ቤት ውስጥ ቢነገር ወይም በኋላ ተጽፎ ቢታደል የተሻለ ነው።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች ጽሑፉን በሁለት ቋንቋ ማዘጋጀታቸው የተለመደ ሆኗል። ለልጅ ልጆች የሚዘጋጀው ቃል በቃል የተተረጎመ ባይሆን ይመረጣል፤ እነሱ ካራማራ የት እንደ ሆነ፣ ሻምበል ባሻ ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቁምና ማብራሪያ ይጨመርላቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሲመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። የካቲት 1970 ስለዚህ 1978 ነው፤ በስሕተት 1977 ከተባለ ሟቹ ውጊያው ከመደረጉ አንድ ዓመት ቀድመው የተዋጉ ይሆናሉ።

ለአርባውና ከዚያ በኋላ

እስከ አርባ ድረስ ያሉት ሳምንታት ለረጅሙ ጽሑፍ የተሰጡ ናቸው። ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ የደብተሩን ስልኮች መደወል፣ ሁለቱን ዓምዶች መሙላት፣ በቀብሩ ላይ ሰምተው «እዚያ ላይ ተሳስታችኋል» ያሉትን ሰዎች ማነጋገር ይቻላል። እንዲያ ብለው የሚመጡ ሰዎች ይመስገኑ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከ20 እስከ 30 ገጽ የሚሆን መጽሔት ፎቶግራፎች ተጨምረውበት ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ ሊደርስ ይችላል። በመጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ባዶ ገጽ ይተው፤ የሚቀበለው የጦር ጓድ እቤቱ ሄዶ የሚያስታውሰው ይኖራል፣ ጽፎም ይመልሰዋል።

መጽሔቱ ከታተመ አንድ ቅጂ ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት)፣ አንድ ቅጂ በስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት ይሞከር። የጄኔራሎች ታሪክ ጸሐፊ አያጣም፤ የአሥር አለቃና የሃምሳ አለቃ ቤት እንዴት ይኖር እንደ ነበር የሚፈልግ ተመራማሪ ግን የሚያገኘው ጥቂት ነው።

የሐውልቱ ጽሑፍ ለጠራቢው በቃል አይነገር፤ በጉልህ ተጽፎ ይሰጥ፣ ድንጋዩ ከመቀረጹ በፊትም ማዕረጉና ዓመተ ምሕረቱ በሁለት ሰው ይነበቡ። ሜዳሊያዎቹ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ለማን እንደሚሰጡ በቤተሰብ ስብሰባ ተወስኖ በወረቀት ይፈረም። የሁሉም ሰነድ የስልክ ቅጂ ለእያንዳንዱ ልጅ ይላክ፤ ሻንጣው ግን ባለቤታቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ከነበረበት ከቁም ሣጥኑ አናት አይውረድ።